ይከለልልን ያልነው ምንጭ

ከፊደል ገበታ ውጭ፣ ማንም ጣቱን ሳይቀስርልኝ፣ በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል «ክልክል» ነው። ከሾላ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ በስተግራ ባለ የቆርቆሮ አጥር ላይ በቀይ ቀለም «መሽናት ክልክል ነው» ይላል። ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ፊደል በፊደል እየጎተትኩ አንብቤ ጨረስኩና ያየልኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን አማተርኩ። ማንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ያንን ቃል እየለቀመ አስቸገረኝ። ማለፍ ክልክል ነው። ማጨስ ክልክል ነው። መኪና ማቆም ክልክል ነው። ለካ አገሩ ሙሉ ሲከለክለኝ ኖሯል፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ዝም ብዬ ስገባና ስወጣ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ስሸናም ጭምር ኖሬአለሁ።

መሠረተ ትምህርትን ልረግም አልተነሳሁም። ያስተማሩኝን እግዜር ይስጣቸው። ግን ስለዚያ ዘመን ሲወራ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ከጨለማ ወጣ ይባላል። እኔ በፊደሌ የሠራሁት የመጀመሪያ ቁም ነገር የሚስቴን የእንጀራ ገመድ መበጠስ ነበር። ይህንንም የሚጽፍ ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ቤታችን ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ። ተራራው ያኔም ባህር ዛፍ ብቻ ነው። ከሰፈራችን በላይ ግን ባህር ዛፍ ያልደረሰበት አንድ ገባ ያለ ቦታ ነበር፤ ጥቂት ያረጁ ጽዶች፣ ሦስት ወይራ፣ አንድ ኮሶ። ማን እንዳተረፋቸው አላውቅም። ከሥራቸው ምንጭ ይወጣል፣ በጋም ክረምትም አይጎድልም። ሰፈሩ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ከምንጩ በታች ያለው ሜዳ ላይ ልቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከላል፣ የዕድር ስብሰባ ይደረጋል፣ ከበሽታ የተነሳ ሰው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቀበሌው አዳራሽ አለኝ ይበል እንጂ የእኛ አዳራሽ ያ ነበር።

ሚስቴ ልብስ አጣቢ ናት፣ ያውም የነጭ ልብስ። ለሦስት ቤት አንሶላ፣ ነጠላ፣ የነርስ ልብስ ታጥባለች። ነጭ ልብስ ውሃ ይመርጣል። የቦኖው ውሃ የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ ሲመጣም ዝገት ይዞ ስለሚመጣ አንሶላውን ቢጫ ያደርገዋል። የቀበና ወንዝ ደግሞ ሩቅ ነው፣ ከተማው የጣለበትንም ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ምንጩ ዳር እኔ ራሴ ጠርቤ ያስቀመጥኩላት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ በእንዶድ አሽታ እዚያ ላይ ስታጥበው ልብሱ ዓይን ይወጋ ነበር። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ግን በዚያ ዘመን ግንብ የሚያስገነባ ሀብታም ወይ ታስሯል ወይ ድህነቱን እያስመሰከረ ነው፤ መዶሻዬ ዝጎ ነበር የተቀመጠው። እኔንና ሁለቱን ልጆች የምታበላው እሷ ናት። ምንጩ ከሌለ ነጭ ልብስ የለም፤ ነጭ ልብስ ከሌለ እኛም የለንም። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ቦታውን ለኩ፣ ዛፎቹ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉና ሄዱ። ሴቶቹ ጠሩኝ። እኔም ከዛፍ ዛፍ እየዞርኩ አነበብኩላቸው። «ይሄ አንድ ነው። ይሄ ሁለት። ይሄ ሦስት።» ደረቴን ነፍቼ! አንዷ ጎረቤታችን «ታዲያ ምን ማለት ነው?» ስትለኝ ነው ምንም እንዳላነበብኩ የገባኝ።

ሁለት ቀን ሳይቆይ ወሬው ደረሰ። ያረጁት ዛፎች ተቆርጠው ቦታው ለማገዶ ባህር ዛፍ ሊተከልበት ነው ተባለ። ባህር ዛፍ ምንጭ አጠገብ ምን እንደሚያደርግ እንጦጦ ሥር ለኖረ ሰው አይነገረውም።

ሰፈሩ ምንጩ ዳር ተሰበሰበ። ከሁሉ ቅርብ የሚኖሩት አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፤ ቤታቸው ከወይራው በታች ነው። ሰው ሁሉ ጮኾ ሲደክመው እሳቸው ተነሡ።

«አትቁረጡብን ብቻ ካላችሁ ዛሬ ትተው ነገ ይመጣሉ። ይከለልልን በሉ። ከብት እንዳይገባበት፣ መጥረቢያ እንዳይገባበት፣ አጥር ይደረግበትና ለእኛ ይከለልልን።»

«ይባረኩ!» አለ ሰው። ቃሉ ሁላችንንም ደስ አለን። ይከለልልን።

ለቀበሌው ሊቀመንበር ሄደን ስንነግረው በጣም ነው የተደሰተው። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ጮክ ብሎ ካልተናገረ የማይሰማ የሚመስለው ሰው ነው። «በማመልከቻ ይቅረብ!» አለ። አንዱ፣ ሾላ ገበያ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ አሉና እሳቸው ጋ እንሂድ ሲል ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው ለሰፊው ሕዝብ የሚጽፍለት? ሕዝቡ ተምሯል! ራሱ ይጻፍ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጓድ፣ ሰርቲፊኬት የለህም እንዴ?»

ነበረኝ። ግድግዳ ላይ፣ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ሰቅዬዋለሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩ ሰው «ጸሐፌ ትዕዛዝ» ይለኝ ጀመር። ፌዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልቤ ውስጥ ይጥመኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ማመልከቻዋን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የልጆቹን ደብተር ቀድጄ፣ የሳሙና ሳጥን ላይ ተደፍቼ። ድንጋይ ስጠርብ እንደዚያ አልቦኝ አያውቅም። ሚስቴ ስታልፍ ስታገድም ታየኛለች። «ጨረስክ?» «አትረብሺኝ።» «ድንጋይ ቢሆን ይሄኔ ቤት ሠርተህበት ነበር።»

እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። «እንዲከለልልን» ብዬ ጻፍኩና አየኋት። ለ፣ ል፣ ል። ሦስት ተከታትለው። አስተማሪያችን አንዱን ፊደል የደጋገመ ሰው ስታይ «ተንተባተብክ» ትል ነበር፣ ሰውም ይስቅበታል። እኔም የተንተባተብኩ መሰለኝ። ከለለ የሚል ቃል ተጽፎ አይቼ አላውቅም፤ በአፌ ነው የማውቀው። ላጲስ የለኝም፤ በምራቄ ደመሰስኳትና መሐል ላይ አንድ «ከ» ጨምሬ እንደገና ጻፍኳት። አሁን ዓይኔ የሚያውቃት ቃል ሆነች። የት እንዳየኋት አላስታወስኩም፣ ብቻ ደህና አድርጌ አውቃታለሁ። ደስ ብሎኝ አለፍኩ።

በማግሥቱ ምንጩ ዳር ቆሜ አነበብኩላቸው። «ከምንጩ አንስቶ እስከ ወይራው ድረስ ያለው ቦታ ለሕዝቡ ጥቅም ሲባል እንዲከለልልን እናመለክታለን። ኢትዮጵያ ትቅደም።» እማማ አለቀሱ። «አንጀቴን አራስከው» አሉኝ። ማንበቤ መስሎኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለውን ነው የነገርኳቸው፣ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ይንከራተት እንጂ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ የማኅተሙን ቀለም አምጥቶ ሰው ጣቱን ማሳረፍ ጀመረ። መፈረም የሚችሉት ከእኔ ጋር አራት ነበርን፤ ሌላው ሁሉ በጣቱ። እማማ «ይቺን ጣት ንጉሡም ጠይቀውኝ አያውቁ» እያሉ አተሙ። ሚስቴ ተራዋ ደርሶ ስትጫን ግን የወጣው አንድ ድፍን ጥቁር ነጠብጣብ ነው። መሥመር የለውም። ሊቀመንበሩ እንደገና አስደረጋት፤ ያው።

«ይሄ ጣት ነው ድንች?» አላት።

«በውሃ አልቆ ነው» አለች። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። የጣቷ መሥመር ታጥቦ እንዳለቀ ባሏ ሆኜ ያን ዕለት ነው ያየሁት።

መልሱ ከወር በኋላ መጣ። እሁድ ጠዋት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ፖስታውን ከፍ አድርጎ አሳየና «ድል!» አለ። «ጥያቄያችን መቶ በመቶ ተቀባይነት አግኝቷል! የጻፈው ጓድ ራሱ ያንብብልን።» እጄ ላይ ሰጠኝ።

ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ያላየ አያውቅም። አፉ ይቀድማል፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርስበታል። እንደ ተጫነ አህያ እያንዳንዱን ፊደል እየገፋሁ ስሄድ ቃሉን የምረዳው ተናግሬው ካበቃሁ በኋላ ነው። «በ-ቀ-በ-ሌ-ው ነ-ዋ-ሪ-ዎች ጥ-ያ-ቄ መ-ሠ-ረት» አልኩ። ጭብጨባ። «ከ-ዛ-ሬ ጀ-ም-ሮ ማ-ን-ኛ-ው-ም ሰው ወደ ቦ-ታ-ው እ-ን-ዳ-ይ-ገ-ባ» አልኩ። ጭብጨባው ቆመ። እኔ አልቆምኩም፤ ምን እንዳልኩ ገና አልደረሰብኝማ። «የ-ተ-ከ-ለ-ከ-ለ መ-ሆ-ኑን» ብዬ ቀና ስል ነው የሰዉን ፊት ያየሁት። ከእኔ ቀድመው ነበር የሰሙት።

እማማ ከኋላ ወንበር «ማን ነው የጠየቀው?» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ማን ነው እንዳንገባ የጠየቀው? ስሙ ተጽፏል?»

«ስም የለውም፣ እማማ» አልኳቸው። «ሕዝቡ ነው የሚለው።»

ማክሰኞ ማመልከቻችን ወደ ገባበት መሥሪያ ቤት ወረድኩ። መዝገብ ቤት የነበረው ጸሐፊ ወጣት ነው፣ ክራቫት ያሰረ፣ ጨዋ። ፋይሉን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው «ባለጉዳይ ነዎት?» አለኝ።

«ጸሐፊው ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ። «ኧረ! እርስዎ ነዎት? ጋሼ፣ ይቺ ማመልከቻ እኮ እዚህ ቤት ዝነኛ ናት። እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ ‹ፍቀዱልን› እያለ ነው። ‹ከልክሉን› ብሎ የመጣ ሰፈር የእናንተ የመጀመሪያው ነው!»

ወረቀቷን አውጥቶ ጣቱን ከቃሏ ሥር አደረገ። አነበብኩ። እን፣ ዲ፣ ከ፣ ለ፣ ከ... ሁለተኛዋ «ከ» ላይ ቆምኩ። አጥሩ ላይ ያየኋት ቃል። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገኝም።

«እንዲከለልልን ነበር» አልኩት። «ከለላ ማለቴ ነው። አጥር።»

«ምን ማለት እንደፈለጉ አላየሁም፣ ጋሼ። የጻፉትን ነው ያየሁት።»

«አንድ ፊደል እኮ ናት።»

«በላና ተበላም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው» አለኝ። ክፋት የለውም፤ ቀልድ መጥቶለት ነው።

«እሺ ሰርዛት። ይኸው ፊትህ ነኝ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይሰረዝም። ሌላ ማመልከቻ ያስገቡ። ያው ሰዎች፣ ያው ጣቶች፣ የቀበሌው ማኅተም።»

በሩ ጋ ስደርስ ተመልሼ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «በትክክል ጽፌው ቢሆን ይከልሉልን ነበር?» ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «የባህር ዛፉ ችግኝ የታዘዘው እናንተ ሳታመለክቱ በፊት ነው» አለኝ። አለኝ ብዬ ጻፍኩ። በእውነት ብሎኝ እንደሆነ፣ ወይ ራሴን ለማጽናናት ስል ባለፉት ዓመታት የፈጠርኩት እንደሆነ ግን ዛሬ ብታስምሉኝ አልምልም።

ያው ጣቶች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዳገቱን ስወጣ ገባኝ። ሰፈሩ ዳግመኛ እንዲያትም የመጀመሪያው ምን እንደነበር መናገር አለብኝ። አልተናገርኩም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሽቦ አጠሩት። ዘበኛ መጣ፤ ከታችኛው ቀበሌ የሆነ፣ ከዚያ ምንጭ ሲጠጣ ያደገ ሰው ነው፣ አሁን ቆመጥ ይዞ። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ቦኖው ጋ ይሰለፋሉ፣ ውሃው ሳይመጣ ይመለሳሉ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ራሴን አሞኛል እላለሁ።

ሚስቴ የምታጥብላት ነርስ ግን ልብሷን ለሐሙስ ትፈልጋለች። ሰማዩ ሳይቀላ ሚስቴ በሽቦው ሥር ሾልካ ገባች። ፀሐይ ሲወጣ ዘበኛው ድንጋይዋ ላይ አገኛት። አልመታትም፤ እውነቱን ልናገር። ሳፋውን ነው የወሰደው፣ የነርሷን ልብስ ደግሞ በጫማው ወደ ጭቃው ገፋው። ያለ ሳፋ፣ ጭቃ የነካውን እርጥብ ልብስ ክንዷ ላይ ጥላ መጣች። ነርሷ አይታ ተቀበለች። በሳምንቱ ግን ልብስ አልላከችም። ሦስት ቤት ሁለት ሆነ።

ያን ቀን ነው የነገርኳት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ እንዶድ ትለቅማለች። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ስለ ሦስቱ ለ፣ ስለ ከ፣ ስለ አጥሩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እጇ አላቆመም።

«ስታነብልን ግን ይከለልልን ነው ያልከው» አለች።

«ያሰብኩትን ነው ያነበብኩት።»

አንድ የበሰበሰ ፍሬ ጣለችና «እንግዲያ ማንበብ አትችልማ» አለች።

ስድብ አልነበረም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት ነው ያለችው። እንዶዷን አንስታ ገባች።

ለሰፈሩም ተናገርኩ። ምንጩ ዳር መሰብሰብ ስለማይቻል እማማ ደጅ። አንዳንዱ ሰደበኝ፤ የሚገባኝን። እማማ ግን መሳቅ ጀመሩ፣ ሳቁ እስኪያስላቸው። «ሰማንያ ዓመት ኖሬ አንዴ ጣቴን ባወጣ በራሴ በር ላይ ልቀርቅርበት!» ሁለተኛውን ማመልከቻ ሾላ ገበያ ያሉት ሽማግሌ፣ ያ ርዝራዥ የተባሉት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይበርድባቸው ጻፉት። ይከለል የሚል ቃል አላስገቡበትም። «አሁንማ ተከልክሏል» አሉኝ በመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። «የተከለከለ ሰው እንዲፈቀድልን ነው የሚለው።» የገዛ ምንጫችንን እንድንለምን እጄ አበቃን።

ጣት ሲሰበሰብ ስድስት ሰው እምቢ አለ። አንዱ ሸማኔ ጎረቤቴ እጁን ከኋላው ደብቆ «ሁለተኛ ጣቴን ላንተ ፊደል አላውስም» አለኝ። ይሄኛውን እኔ አልጻፍኩትም ብለው አልሰማኝም። ምን ይፈረድበታል?

ሊቀመንበሩ ደግሞ ማኅተም አላደርግም አለ። «ድል ተብሎ ወደ ላይ ሪፖርት ሆኗል» አለኝ። ያን ቀን አልጮኸም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ሕዝብ አይሳሳትም። ሕዝብ ተሳስቷል ከተባለ ሕዝቡ ውስጥ ሰርጎ የገባ ሰው አለ ማለት ነው። እሱ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ምን ትላለህ?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቅክ ወደ ቤትህ መሄድ ነው። ሄድኩ። እማማ ግን በማግሥቱ ወርደው የሊቀመንበሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። አራት ቀን። ለገባና ለወጣው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ ብቻ። በአራተኛው ቀን ማኅተም አደረገላቸው። ወረቀቱን እኔ ወስጄ አስገባሁ። ባለክራቫቱ ልጅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ የተቀበለችኝ ሴት ቀና ብላም አላየችኝ። «ይጠብቁ» አለችኝ።

ጠበቅን። ክረምቱ ገባ፣ ዛፎቹን ቆረጡ። ጽዶቹ በአንድ ቀን አለቁ። ወይራዎቹ አስቸገሯቸው፤ ምሳርና መጋዝ ሲመላለስባቸው ሦስት ቀን ዋለ። ያ ሁሉ ግንድ በመኪና ተጭኖ ወረደ፣ የት እንደሄደ የጠየቀ የለም። ኮሶውን ለምን እንደሆነ አላውቅም ተዉት፤ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ በመጋቢት ንፋስ ወደቀ።

ከዚያ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ታወጀ። ከየቤቱ አንዳንድ ሰው፣ የቀረ ስኳርና ሳሙና በቀበሌው ሱቅ አያገኝም። ሽቦው ተከፈተልን። እኔና ሚስቴ ሁለታችንም ሄድን፤ እሷ ሳሙናው ስለሚያስፈልጋት፣ እኔ ቤት መቅረት ስላፈርኩ። እማማም መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በምንጩ ዙሪያ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ባህር ዛፍ ተከልን። እያወቅን። እያንዳንዳችን እያወቅን በእግራችን አፈሩን ረገጥ ረገጥ እያደረግን ተከልን። ዘበኛው መሬት መሬቱን እያየ «በደንብ አጥብቁት» ይላል። አንዷ ሴት «ውሃው ሩቅ አይደለም፣ አይዞህ አይጠማውም» አለችው።

ሚስቴ በዕረፍቱ ሰዓት ምንጩ ጋ ሄዳ ፊቷን ታጠበች። ክንዷን ታጠበች፣ እግሯን ታጠበች። ከዚያ የለበሰችውን ነጠላ አውልቃ ድንጋዩ ላይ ታሽ ጀመር። ቆሻሻ አልነበረም፤ ጠዋት ንጹሕ ለብሳ ነው የወጣችው። ሊቀመንበሩ አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል እማማ «ተዋት!» አሉት። ተዋት። ሥራ እስኪጀመር ድረስ ያንኑ ነጠላ ደጋግማ አጠበች።

እማማ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። ድንኳኑን የምንተክልበት ሜዳ ስላልነበረ መንገድ ላይ ተከልን፤ መኪና ሲመጣ እየተነሣን።

መልሱ ሦስተኛው ክረምት አልፎ መጣ። ችግኙ ከሰው ቁመት አልፏል። አሁንም እሁድ ነው፣ አሁንም ስብሰባ ላይ፣ አሁንም «ጓድ ያንብብልን»። አሁን ግን በሆዴ ማንበብ ችያለሁ። አስቀድሜ በሆዴ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ፣ ሰው እስኪያጉረመርም። ነዋሪዎቹ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት በምንጩ መጠቀም የተፈቀደላቸው መሆኑን ይገልጻል። አንዲትም ፊደል አልጎደለችም፣ አልተጨመረችም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እልልታ ሆነ። ያ ጣቴን አላውስም ያለው ሸማኔ መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ሊቀመንበሩ «ድል!» አለ።

ሚስቴ በማግሥቱ ጠዋት ሳፋ ይዛ ወጣች። ያኔ የቀራት አንድ ቤት ነው፤ በቀረው ቀን ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ሾላ ታወርዳለች። ወገቧ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። ቶሎ ተመለሰች። ሳፋው ባዶ ነው።

«እንዴት ነው?»

«ጭቃ ነው።»

ዲጂኖዬን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው የለም፣ ሽቦው ተጋድሟል፣ የሚከለክል የለም። የባህር ዛፉ ሥር በየአቅጣጫው ገብቷል፤ እየቆረጥኩ ሁለት ቀን ቆፈርኩ። ድንጋይ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ውሃ በየት በየት እንደሚሄድ አውቃለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ጉድጓዱ ውስጥ በአንድ ኩባያ የሚቀዳ ጥቁር ውሃ ጠለለ። ጠዋት ስመለስ እሱም የለም። ጎረቤቶቼ ከላይ ቆመው አዩኝ። ማንም ጸሐፌ ትዕዛዝ አላለኝም።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ቤት አንሶላ መድረስ ነበረበት። ቀበና ልትወርድ ተነሣች። ጥቅሉ ከባድ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነው። ጫፉን ስትይዝ ቀማኋትና ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ዳገቱን አብረን ወረድን፣ እሷ ከኋላዬ ወገቧን ይዛ። ወንድ የልብስ ጥቅል ተሸክሞ ሚስቱ ባዶ እጇን ስትከተለው ያዩ ልጆች እየጠቆሙ ሳቁ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«በቃ ስጠኝ» አለች። «ከዚህ በታች ሰው ያይሃል።»

ይየኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሰጠኋት። ጀርባዋ ላይ አመቻችታ በነጠላዋ አሰረችው፣ አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀችና ተሻገረች።